ከዘጠኝ ሞተሮች ኋላ

ሁለት ሳምንት ይህ ዓምድ ሳይወጣ ቀርቷል። የት ጠፋሽ ብላችሁ ለደወላችሁ፣ በተለይም ታማ ይሆናል ብላችሁ ለተጨነቃችሁልኝ እናቶች ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። አልታመምኩም። ሞሮኮ ነበርኩ፤ ለዚያውም ዘጠኝ ሞተር ሳይክሎችን ከኋላ ከኋላ ስከተል።

ስለ ሞተር ያለኝን አቋም የቆዩ አንባቢዎቼ ያውቁታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ሳገለግል አሥራ አራቱን ያሳለፍኩት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ የሠራ ሰው ሞተር ሲያልፍ የሚታየው ሞተሩ አይደለም፤ በቃሬዛ የሚገባው ልጅና ከኋላው ጫማዋን ጥላ የምትሮጠው እናቱ ናት። ጀርመን አገር የሚኖረው ልጄ ታዲያ ካደገ በኋላ ሞተር ጀመረ። አምና ደውሎ፣ “በመሪ የሚካሄድ የቡድን ጉዞ ነው፤ ሞሮኮን እናቋርጣለን፤ ልጄንም አፈናጥጬ እወስዳታለሁ” ሲለኝ ሦስት ቀን ስልኩን አላነሳሁለትም። ያፈናጥጣታል የተባለችው አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት የልጅ ልጄ ናት። በአራተኛው ቀን ሳነሳ፣ “እማዬ፣ እንግዲያው ነይና በዓይንሽ እይው። ዕቃ የሚጭነው መኪና ውስጥ አንድ ወንበር አለ፤ ከፍዬልሻለሁ” አለኝ። ብልጥ ነው። ከልጅነቱም እንደዚሁ ነበር።

የቪዛው ነገር ራሱን የቻለ አንድ ዓምድ ይወጣዋልና ለሌላ ቀን ይቆየን። በጥቅምት ወር ካዛብላንካ ደረስኩ። ከዚያ ወደ ታንጀር የወሰደኝ ባቡር በአንዳንድ ቦታ በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ይከንፋል፤ ሻይዬ ግን ከኩባያው አልፈሰሰም። ልጄና ጓደኞቹ ከስፔን በመርከብ ተሻግረው ታንጀር ጠበቁኝ። አውሮፓንና አፍሪካን የሚለየው ባሕር በጠባቡ ቦታ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል ከዚህ ማዶ ቆሞ ያንን ማዶ ማየት ይቻላል። ስንት የእናት ልጅ እዚያ ባሕር ውስጥ እንደቀረ እያሰብኩ ብዙ ሳላየው ፊቴን አዞርኩ።

ታንጀር የኢብን ባቱታ አገር ናት። በ1304 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እዚያው ተወለደ፤ በ1325፣ በ21 ዓመቱ፣ ለሐጅ ብሎ ብቻውን ወጣ። ሲወጣ እናትና አባቱ በሕይወት ነበሩ። ሐጁን አደረገና በዚያው ቀጠለ። በእኛም ሰፈር አልፏል፤ ዘይላን አይቶ በዓሣ ሽታዋና በሚታረዱት ግመሎች ደም ምክንያት ከተማው ውስጥ ማደር ጠልቶ መርከቡ ላይ አደረ። ሕንድና ቻይና ድረስ ዘለቀ። በ1348 ደማስቆ ሲመለስ አባቱ ከሞቱ 15 ዓመት እንዳለፋቸው ሰው ነገረው። በተከታዩ ዓመት አገሩ ገብቶ ወደ ቤቱ ሲቃረብ ደግሞ እናቱ በወረርሽኙ መሞታቸውን ሰማ። ታንጀር የደረሰው መቃብራቸውን ለመጎብኘት ነው። ይህንን የነገረን የቡድኑ መሪ ነው፤ ያደገው አትላስ ተራራ ሥር የሆነ፣ ሃምሳን የተሻገረ የአማዚግ ሰው። የልጅ ልጄ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ “ሃያ አራት ዓመት ሙሉ? ለእናቱ ሳይደውልላት?” አለች። ሁላችንም ሳቅን። ልጄ አልሳቀም። የራስ ቁሩን መስታወት በጨርቅ ይወለውል ነበር።

አሁን ጉዞው እንዴት እንደሚካሄድ ልንገራችሁ፤ ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲያነሱ የምትጠይቁትን እንድታውቁ ነው። ሰባት ሞተረኞች ከፍለው የመጡ ናቸው። ስምንተኛው ከፊት የሚነዳው መሪ፣ ዘጠነኛው ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚሆነው ረዳቱ ነው። ረዳቱ መካኒክም ነው። እኔ ያለሁበት መኪና ሻንጣውን፣ መለዋወጫ ጎማውን፣ ፍሬን ሸራውን፣ ካንዴላውን፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑን ጭኖ ይከተላል፤ ከኋላው የሞተር መጫኛ ተጎታች አለው። ጠዋት ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት መሪው ሁሉንም ሰብስቦ የቀኑን መንገድ ይነግራቸዋል። ስንት ኪሎ ሜትር ነው፣ የት ቤንዚን ይቀዳል፣ የት አስፋልቱ ተቆፍሯል፣ የት ንፋስ አለ። ነዳጅ ማደያ ሲቆሙ ግማሽ ታንክ የቀረውም ይሞላል፤ አንዱ አሁን ሌላው በኋላ የሚባል ነገር የለም። ሞተሩ ለማታ ሳይቆም ደግሞ ቢራ አይነካም። ይህንን መሪው ሲናገር አንድ ቃል ሳላስተላልፍ ነው ያዳመጥኩት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን መንገድ እንዳይጠፋባቸው የሚያደርጉት ዘዴ ነው። እኔ ሁሉም እንደ ሰርግ አጀብ ተያይዘው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። አይደለም። መሪው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ከኋላው ላለው ሰው በእጁ ቦታ ያሳየዋል። ያ ሰው እዚያው ይቆማል። ለሚመጡት ሁሉ ‘በዚህ በኩል ነው’ እያለ ቆሞ ይጠብቃል፤ የመጨረሻው ረዳት ሲመጣ ብቻ ቦታውን ለቅቆ ከእሱ ፊት ይገባል። በሚቀጥለው መታጠፊያ ደግሞ ተረኛው ሌላ ነው። እንዲህ ሲሆን ፈጣኑ ቀርፋፋውን አያዋክበውም፤ ቀርፋፋውም እንዳልጠፋ ብሎ ከአቅሙ በላይ አይነዳም። መሪው ደጋግሞ የሚለው፣ “ከፊትህ ያለውን ሳይሆን መንገዱን ንዳ” ነው። ድንገተኛ ክፍል ከሚመጡት ሞተረኞች ስንቱ ጓደኛውን ለመድረስ ሲል እንደተጎዳ እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ይህ ዘዴ ለእኔ ከተራራውም ከበረሃውም በላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሚደልት ላይ አንዱ የጀርመን ጎረምሳ መሪውን ቀድሞ ሄደ። ማታ ምንም አልተባለም፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ቦታው ከመሪው ቀጥሎ ሆነ፤ በየመታጠፊያው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሌላውን ሲያሳልፍ ዋለ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

የመኪናው ሹፌር “ሃጃ” ይለኛል። እዚያ አገር ለአሮጊት የሚባል የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ነጠላዬንና አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ እያየም ሃጃ ማለቱን አልተወም። እኔም ወድጄው ነበር። እሱ ጥቂት እንግሊዝኛ አለችው፣ እኔም ጥቂት፤ የቀረውን በእጅ። ኢትዮጵያ ስል “ሃይሌ!” ይለኛል፤ “ኤል ጉሩጅ!” እለዋለሁ። ከዚያ አቴንስ 2004 ላይ በ5,000 ሜትር የእሱ ሰው ቀነኒሳን መቅደሙን በጣቱ እየቆጠረ ያስታውሰኛል። አሥር ቀን ሙሉ አንድም ቀን ሳያነሳው አልዋለም።

ሼፍሻወንን አለፍን፤ ቤቱ ሁሉ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ ፎቶ ለሚወድ ይመቻል። ፌዝ ግን ሌላ ነው። ቅጥር ያለው የድሮው ከተማ ውስጥ መኪና አይገባም። ዕቃ የሚመላለሰው በበቅሎና በአህያ ነው፤ ከኋላህ “ባላክ! ባላክ!” ሲባል ግድግዳ መለጠፍ ነው። ሞተረኞቹ ሞተራቸውን ከበሩ ውጭ ትተው እንደ ማንኛችንም በእግራቸው ሲደናበሩ ማየቱ አጽናንቶኛል። በ859 ፋጢማ አል ፊህሪ የተባለች ሴት አሠርታዋለች የሚባለው አል ቃረዊዪን እዚያ ነው፤ መስጊድም የትምህርት ቤትም ሆኖ እስከ ዛሬ አለ። የልጅ ልጄ “ሴት ናት?” ብላ ሁለቴ ጠየቀች። ቆዳ የሚለፋበት ቦታ ስንወጣ አፍንጫችን ላይ እንድንይዘው የናና ቅጠል ሰጡን፤ ቆዳውን የሚያለሰልሱት በኖራና በርግብ ኩስ ነው። መርካቶ ቆዳ ተራ አጠገብ ያደገ ሰው ናና አያስፈልገውም፤ እኔ ግን ተቀበልኩ።

ከዚያ ወደ ተራራው። ኢፍራን የምትባል፣ ጣሪያዋ እንደ ስዊዘርላንድ የሾለ ከተማ አለች፤ በአፍሪካ የተመዘገበው ትልቁ ብርድ፣ ከዜሮ በታች 23.9 ዲግሪ፣ በ1935 የተለካው እዚያ ነው። ከእሷ ወዲያ የዝግባ ጫካ፣ ዝንጀሮዎች፣ ከዚያ ባዶ ሜዳ፣ ከዚያ የዚዝ ወንዝ ገደልና በግርጌው እንደ አረንጓዴ ነጠላ የተዘረጋ የተምር ዛፍ። የመንገድ ምልክቱ በሦስት ፊደል ተጽፏል፤ በዓረብኛ፣ በፈረንሳይኛና ቲፊናግ በሚሉት የአማዚግ ፊደል። የአማዚግ ቋንቋ በሕገ መንግሥት ከዓረብኛ ጎን የመንግሥት ቋንቋ የሆነው በ2011 ነው። ልጅቷ በየማረፊያው ቲፊናጉን ደብተሯ ላይ ስትገለብጥ አየሁና ምንም አላልኩም። ሁለተኛ ቀን ላይ ራሷ፣ “እማማ፣ የኔ ስም በእኛ ፊደል እንዴት ነው?” አለች። ለዓመታት በቪዲዮ ስልክ ‘ሀ ሁ’ እያልኩ ያልሆነልኝ ነገር ነው።

አደጋው የደረሰው ኤርፉድን አልፈን ወደ መርዙጋ ስንሄድ ነው። እዚያ አካባቢ ንፋሱ አሸዋውን እንደ ምላስ አስፋልቱ ላይ ይዘረጋዋል። ጠዋት ተነግሯቸው ነበር፤ መሪው ራሱ ፍጥነት ቀንሶ ነበር። ቢሆንም ከተጓዦቹ አንዱ፣ ስልሳ የተጠጋ የጥርስ ሐኪም፣ ኩርባው ላይ የፊት ጎማው አሸዋ ሲነካ ፍሬን ያዘና ወደቀ። ስንደርስ ረዳቱ ሞተሩን ከኩርባው ወደ ኋላ ርቆ አቁሞ፣ መብራቱን እያበራ የሚመጣውን መኪና ያስቆማል። መሪው ከወደቀው ሰው አጠገብ ተንበርክኳል። ማንም አላነሳውም። ማንም የራስ ቁሩን አልጎተተም። በእኛ አገር ቢሆን እስከዚያ አራት ሰው ተሸክሞት፣ አንዱ ውኃ ሲያጠጣው፣ ሌላው ራሱን ሲያንቀሳቅስለት በደረስኩ ነበር። ነርስ መሆኔን መሪው ያውቃል፤ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። አንገቱን አየሁ፤ ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ አደረግሁ፤ እግሩን እንዲሁ። ስሙን፣ ቀኑን ጠየቅሁት። ደህና ነው። የግራ እጁ አንጓ ግን ተሰብሯል፤ ሳይነኩት በዓይን የሚታወቅ ዓይነት ነው። በመጽሔትና በነጠላዬ ጠርዝ አሰርኩለት። መሪው ስልክ ደውሎ ነበርና ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ሞተሩ ተጎታቹ ላይ ወጣ። ማታ እጁ በጀሶ ተጠቅልሎ መጣና ሾርባ ጠጣ።

የራስ ቁሩ ቀኝ ጎን ከአስፋልቱ ጋር ተፋግቶ ተልጧል፤ ጣቴን አስገባሁበት። የልጅ ልጄም እንድታስገባ አደረግኋት። ጥናት የሚለው ይህንን ነው፤ የራስ ቁር የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። እኔ ግን ቁጥሩን አልነገርኳትም። ጣት ማስገባቱ ይበቃል።

በዚያች ሌሊት መርዙጋ ላይ ሌሎቹ ግመል ወጥተው ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ወደ አሸዋው ተራራ ሄዱ። እኔ አልሄድኩም። በእግሬ ጥቂት ወጥቼ ተቀመጥኩ፤ አሸዋው እስከ 150 ሜትር ይከመራል፤ ድምፅ የሚባል የለም።

ቶድራንና ዳደስን አልፈን ዋርዛዛት ስንደርስ ልጄ ሆዱን ታመመ። ማታ አተኮሰው። ጠዋት ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ፤ ደህና ነኝ ይላል። የዚያን ቀን የሚሻገሩት ቲዚን ቲሽካን ነው፤ ከፍታው 2,260 ሜትር፣ ፈረንሳዮች በ1936 የከፈቱት መንገድ። አናቱ ላይ ዝናብና ጉም እንዳለ ተነግሯል። እኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ዘጋሁት። የአርባ ሰባት ዓመት ሰው ነው፤ በጓደኞቹና በልጁ ፊት እናቱ አትናገረውም። መሪው ግን አይቶታል። ሌሎቹ ጓንታቸውን ሲያጠልቁ ቀስ ብሎ አጠገቡ ሄደና እጁን ዘረጋ፤ “ቁልፉን።” ልጄ ተከራከረው። መሪው ድምፁን አልጨመረም፤ እጁንም አልመለሰም። “ዛሬ ሻይህን ከእናትህ ጋር ትጠጣለህ፤ ነገ ትነዳለህ፤ ልጅህም ከኋላ ትተኛለች” አለው። ቁልፉ ተሰጠ።

ስለዚህ አራት ሆነን ተነሳን፤ ሹፌሩ፣ እኔ፣ ልጄ መስኮቱ ጋ፣ ልጅቷ ከኋላ ወንበር ላይ በጃኬት ተሸፍና ተኝታ። መንገዱ ሊማሊሞን ያየ ሰው የሚያውቀው ነው፤ በአንዱ መታጠፊያ የነበርክበትን ከእግርህ ሥር ታያለህ። ፈረንጆቹ ከፍታው ያፍናል ሲሉ ነበር፤ አዲስ አበባ ከዚያ አናት ከፍ ትላለች፤ እኔን ምንም አላለኝም። ጉሙ ውስጥ ስንገባ ልጄ፣ “እማዬ” አለኝ።

“አቤት።”

“አባባ መጨረሻ ላይ ጠርቶኝ ነበር?”

ልጄ ከአገር የወጣው በ1993 ዓ.ም. በ22 ዓመቱ ነው። ባለቤቴ ያረፈው በ1999 ጥር ላይ። ወረቀቱ ገና ስላልተጨረሰለት ከጀርመን መውጣት አይችልም ነበር፤ ቢወጣ አይመለስም። መርዶውን በስልክ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ መጥቷል፤ መቃብሩ ጋ ሄደናል፤ ተዝካር አውጥተናል። ይህንን ጥያቄ ግን ጠይቆኝ አያውቅም።

“ሰዓት ይጠይቀኝ ነበር” አልኩት።

“የምን ሰዓት?”

“የእናንተን። ‘እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?’ ይለኛል። ሁለት ሰዓት ቀንሰህ አስበው እለዋለሁ። ‘እንግዲያው ተኝቷል፤ እንዳትደውሉለት’ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይጠይቀኛል።”

“ስሜን ግን አልጠራም።”

“አንተ ካልሆንክ ጀርመን አገር የማንን ሰዓት ሊጠይቅ ነው?”

ምንም አላለም። የራስ ቁሩ ጭኑ ላይ ነበር፤ በሁለት እጁ ያዘው። አማርኛ አንድ ቃል የማያውቀው ሹፌር እጁን ዘርግቶ ሬዲዮውን ዘጋ። ቁልቁለቱን እስክንጨርስ፣ ጉሙ ተገፎ ዝግባና ቀይ አፈር እስኪታይ ድረስ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ሹፌሩ በስተግራ ወዳሉት ተራሮች አገጩን ቀሰረና “ዘልዘላ” አለኝ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ማለቱ ነው። በመስከረም 2023 ሌሊት የተነሳው፣ በመለኪያው 6.8 የደረሰው፣ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ሰው የገደለው። “ዘመድ?” አልኩት። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ስንት ናቸው ብዬ አልጠየቅሁም። ልጄ ከኪሱ ማስቲካ አውጥቶ ሰጠው።

ማራካሽ ስንገባ ደሜን ያፈላው ነገር ሌላ ነው። በአንዲት ትንሽ ሞተር አባት፣ እናት፣ መሐላቸው ሕፃን፣ ከፊት ደግሞ ሌላ ልጅ! የራስ ቁር የአባትየው ብቻ፣ እሱም ሳይታሰር። ስድስት ቤተሰብ እስክቆጥር ቆጥሬ ተውኩት። እዚህ ቦሌ ላይም ያንኑ ስለማይ ሞሮኮን ብቻ አልወቅስም።

አሁን ወደ ልጅቷ ነገር። ጀርመን አገር 16 ዓመት የሞላው ልጅ ተምሮና ተፈትኖ 125 ሲሲ ሞተር መንዳት ይችላል። እሷም ያንን ትፈልጋለች። አባቷ አልፈቅድም ማለት ከብዶት፣ “እማማን ጠይቂ” ብሎ ወደ እኔ ገፋው። እሱ እንኳ ከዚያ የሚበልጥ ሞተር እየነዳ! እኔም መልሴን ለመሪው ሰጠሁት፤ ሞተሩን በጎኑ አስተኝቶ እንድታነሳው ጠየቅሁት። የወደቀ ሞተር ማንሳት የማትችል መንገድ ላይ ብቻዋን ምን ልታደርግ ነው? ዋርዛዛት ሆቴል ግቢ ውስጥ ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ የሚመዝነውን የራሱን ሞተር አሸዋው ላይ አጋደመ። ዘዴውን አሳያት፤ ጀርባን ለኮርቻው መስጠት፣ ጉልበትን ማጠፍ፣ መሪውን ይዞ በእግር ወደ ኋላ መራመድ፤ በወገብ መጎተት የለም። አልቻለችም። እጇ እስኪቀላ ሞከረች፤ አልተነሳም። እኔም ውስጤ ጥቂት ተረጋጋ።

ማራካሽ የመጨረሻው ማታ ራሷ ሄዳ መሪውን ድጋሚ ጠየቀችው። ጥርስ ሐኪሙ እጁን በሻሽ አንጠልጥሎ፣ ያ ጎረምሳም ሹፌሩም ዙሪያውን ቆሙ። ጀርባዋን ሰጠች። ሞተሩ መጀመሪያ ትንሽ ተነሳና ተመለሰ። ሁለተኛ ስትሞክር እርምጃ በእርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ ቆመ። ሹፌሩ “ሃጃ! ሃጃ!” እያለ እኔን ይጠራል። ልጅቷ ላብዋን ሳትጠርግ ቀና ብላ አየችኝ።

“ትምህርቱን ጨርሺ፤ ከዚያ እንነጋገራለን” አልኳት። አባቷ “እማዬ!” አለ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም።

ትምህርቱ የሚጀምረው በየካቲት ነው። ባለፈው እሑድ ደውላ ግንባሯን ዙሪያውን በሜትር ለክታ 55 ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ነገረችኝ። ድጋሚ አስለካኋት፤ 55 ነው። የራስ ቁሩን አባቷ ይግዛው፤ እኔ በበርበሬና በሽሮ እከፍለዋለሁ ብያለሁ። ቃሪያውን ሰኞ ገዝቼ አስጥቻለሁ።